ልጅን ማስፈራት ይገባልን?

በጨለማው ሲኒማ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ልጅ አስፈሪው ትዕይንት ሲመጣ ሁለት እጆቹን አንሥቶ ዓይኑን ይሸፍናል። ይሁን እንጂ ጣቶቹን ፈጽሞ አይገጥማቸውም፤ በመካከላቸው ጠባብ ቀዳዳ ትቶ በዚያ አጮልቆ ያያል። ማየት አይፈልግም፤ ሳያይ መቅረትም አይፈልግም። ከጎኑ የተቀመጠው ወላጅ ይህን ሲመለከት መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን «ያመጣሁት ለደስታው ነው ወይስ ለጭንቀቱ?» የሚል ጥያቄ በልቡ ያድራል።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ቀላል አይደለም። ወላጅ ማለት በመሠረቱ ልጁን ከሚያስፈራ ነገር ሁሉ የሚጠብቅ ሰው ነው። ታዲያ ይኸው ጠባቂ ገንዘብ ከፍሎ፣ ቲኬት ቆርጦ፣ የልጁን እጅ ይዞ ወደ ፍርሃት ቤት ሲያስገባው ምን እያደረገ ነው? እያስተማረው ነውን? እያጫወተው ነውን? ወይስ እየበደለው? ለቤተሰብ የሚሠራ አስፈሪና አስቂኝ ፊልም ይህን ጥያቄ ከሌላው የፊልም ዓይነት ሁሉ ይልቅ አጉልቶ ያወጣዋል። በአንድ እጁ ፍርሃትን፣ በሌላው ሳቅን ይዞ የሚቀርበው ለአዋቂ ብቻ ሳይሆን ለስምንትና ለአሥር ዓመት ልጅ ጭምር ነውና። ከልጆች መጻሕፍት ወደ ፊልም የተለወጡት «ጉስባምፕስ» እና «ዘ ዊችስ» ያስነሡት የተመልካች አስተያየት ሲመረመር፣ ክርክሩ ስለ ፊልም ጥበብ ብቻ ሳይሆን አዋቂ ለልጅ ስላለበት ኃላፊነት እንደሆነ ይገለጣል።

«ጉስባምፕስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሰው ሲደነግጥ ገላውን ውርር የሚያደርገውን ስሜት ያመለክታል። በዚህ ስም የሚጠሩትን የልጆች መጻሕፍት የጻፈው አሜሪካዊው አር. ኤል. ስታይን ሲሆን፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። እስከ 1997 ድረስ በመጀመሪያው ተከታታይ ብቻ 62 መጻሕፍት ወጥተዋል፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ተከታታዮች ተጨምረው የተሸጠው ቅጂ ከ400 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይነገራል። ስታይን በአስፈሪ ጽሑፍ ከመታወቁ በፊት ቀልደኛ ነበር፤ ለልጆች የቀልድ መጻሕፍት ይጽፍ፣ «ባናናስ» የተባለ የወጣቶች የቀልድ መጽሔትም ያዘጋጅ ነበር። ይህ የሕይወት ታሪኩ በአጻጻፉ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ምዕራፉ ሲያልቅ የአንባቢው ልብ ይንጠለጠላል፤ ገጹን ሲገልጥ ግን ያስደነገጠው ነገር ብዙውን ጊዜ የሰፈር ልጅ ተንኮል ሆኖ ያገኘዋል። ድንጋጤውና ሳቁ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በሮብ ሌተርማን ዳይሬክተርነት የተሠራው ፊልም ከመጻሕፍቱ አንዱን መርጦ አልተረከም፤ ደራሲውን ራሱን ገጸ ባሕርይ አደረገው። ጃክ ብላክ የሚጫወተው ስታይን ሐና ከተባለችው ልጁ ጋር በአንዲት ትንሽ ከተማ ተደብቆ ይኖራል። በቤቱ ያሉት የመጻሕፍቱ ረቂቆች በቁልፍ የተዘጉ ናቸው፤ ከተከፈቱ ጭራቆቹ ከገጹ ወጥተው በምድር ላይ ይራመዳሉና። አባቱ ሞቶበት ከእናቱ ጋር ከኒው ዮርክ ወደዚያች ከተማ የመጣው ወጣት ዛክ የማይከፈተውን ይከፍታል። ከዚያ በኋላ ስላፒ የተባለው ተናጋሪ የእንጨት አሻንጉሊት ረቂቆቹን እያቃጠለ፣ የመመለሻውን በር እየዘጋ፣ ጭራቆቹን አንድ በአንድ በከተማዋ ላይ ይለቃቸዋል። የሚቀረው መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፤ ደራሲው ሁሉንም ጭራቆች በአንድነት የያዘ አዲስ ታሪክ በዚያችው በጥንቷ የጽሕፈት መኪናው ጽፎ መጨረስ አለበት።

ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ከሲኒማ ቤት የሚወጣውን ተመልካች እየጠየቀ ነጥብ የሚሰጠው ሲኒማስኮር የተባለው የአሜሪካ ድርጅትም «ኤ» ሰጥቶታል። ሆኖም የተደሰተው ተመልካች ሁሉ በአንድ ምክንያት አልተደሰተም፤ ቅር ያለውም እንዲሁ። አስተያየቶቹን በሦስት ወገን መክፈል ይቻላል።

በመጀመሪያው ወገን የሚገኙት ትንንሽ ልጆችን ይዘው የሄዱ ወላጆች ናቸው። እነርሱን ያሳሰባቸው ስላፒ ነው። ግዙፍ አውሬ ምንም ቢያገሳ ልጁ አውሬ መሆኑን ያውቃል፤ አሻንጉሊት ግን በልጁ መኝታ ቤትም አለ። ሲኒማ ቤት ውስጥ የቀረ ጭራቅና ተከትሎ ወደ ቤት የሚገባ ጭራቅ አንድ አይደሉም። በሁለተኛው ወገን ያሉት መጻሕፍቱን በ1990ዎቹ በልጅነታቸው ያነበቡ፣ ፊልሙ ሲወጣ ግን ጎልማሶች የሆኑ ሰዎች ናቸው። የእነርሱ ቅሬታ የተገላቢጦሽ ነበር፤ «ፊልሙ አያስፈራም» የሚል። ጭራቁ ሲበዛ የእያንዳንዱ ጭራቅ ግርማ ይቀንሳል፤ አንዱ በቅጡ ሳያስፈራ ሌላው ይተካል፤ ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንበው ያነበቡት ያ ብቸኛ ፍርሃት በጫጫታና በቀልድ ተበተነ ይላሉ። ሦስተኛው ወገን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ከስምንት ዓመት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለው ልጅ የሚሰጠው ፍርድ ለአዋቂ ጆሮ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ «ያስፈራል፣ ግን አያስፈራም፣ እንደገና እንየው» ይላል።

እነዚህ ሦስት ፍርዶች ስለ አንድ ፊልም የተሰጡ አይመስሉም። የአንዱ ወቀሳ የሌላው ምስጋና ነው። ነገሩ ሲመረመር ግን እያንዳንዱ ወገን የለካው የተለያየ ነገር ሆኖ ይገኛል። ወላጁ የለካው የሚመጣውን ሌሊት ነው፤ ልጁ ይተኛ ይሆን ወይስ አይተኛ ይሆን ብሎ። ጎልማሳው የለካው ያለፈውን ሌሊት ነው። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው በአሥር ዓመት ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ የአሥር ዓመቱን ድንጋጤ ቢጠብቅ አያገኘውም፤ የጠፋው ከፊልሙ ሳይሆን ከእርሱ ነውና። ልጁ ብቻ በዚያች ሰዓት ስለተፈጸመው ነገር ተናገረ። «ያስፈራል፣ ግን አያስፈራም» ማለቱም መቀላመድ አይደለም፤ የሁለቱን አንድ ላይ መኖር በትክክል መግለጹ ነው።

ልጅን በተረት ማስፈራት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ሲኒማ ከመፈጠሩ እጅግ ቀድሞ የነበረ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን «ሪፐብሊክ» በተባለው ሥራው ሁለተኛ መጽሐፍ ለልጆች የሚነገር ተረት ሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር ይገባል ይላል። እናቶች «አማልክት በሌሊት መልካቸውን ለውጠው ይዞራሉ» እያሉ ልጆቻቸውን እንዳያስፈራሩም ይከለክላል፤ እንዲህ ያለው ወሬ አማልክትን ያዋርዳል፣ ልጆችንም ፈሪ ያደርጋል ባይ ነውና። እንግሊዛዊው ጆን ሎክም እ.ኤ.አ. በ1693 ስለ ልጆች አስተዳደግ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቤት አገልጋዮች ልጆችን እሺ ለማሰኘት የሚነግሯቸውን የጭራቅ ወሬ አጥብቆ ነቅፏል። ጨለማና ጭራቅ በልጅነት አእምሮ ላይ አንድ ላይ ከታተሙ፣ ልጁ አድጎ ጭራቅ እንደሌለ ቢረዳ እንኳ ጨለማን መፍራቱ በቀላሉ እንደማይለቀው አስረድቷል።

በሌላው ወገን ስለ አውሮፓ ተረቶች የጻፈው ብሩኖ ቤትልሃይም ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው አሳብ ባጭሩ ሲነገር፣ ልጅ ፍርሃትን ከተረት አይማርም የሚል ነው። ፍርሃቱ አስቀድሞ በውስጡ አለ። ብቻውን የመቅረት ሥጋት፣ ወላጅን የማጣት ሥጋት፣ የራሱ ቁጣ ሳይቀር ስምና መልክ የሌላቸው ጭንቀቶች ሆነው በልቡ ያድራሉ። ተረቱ የሚያደርገው መልክ መስጠት ነው፤ መልክ ያገኘ ጠላት ደግሞ ሊሸነፍ ይችላል።

እነዚህ ሁለት ወገኖች ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። ሎክ የነቀፈው ልጅን ለመግዛት የሚውለውን ማስፈራሪያ ነው። ቤትልሃይም የደገፈው መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን ተረት ነው። በሁለቱም ውስጥ ጭራቅ አለ፤ የጭራቁ አገልግሎት ግን ለየቅል ነው።

በኢትዮጵያ ያደገ ሰው ይህን ልዩነት ለመረዳት ፈላስፋ አያስፈልገውም። ከሥራ ብዛት የደከመች እናት የሚያለቅሰውን ልጇን «ዝም በል፣ ጅብ ይመጣልሃል!» ትለዋለች። ይኸው ጅብ ደግሞ በዚያው ምሽት፣ በዚያው ምድጃ ዳር፣ በአያት አንደበት ይመለሳል። አያት «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ፤ አያ ጅቦ ይገባል። በመጀመሪያው ጊዜ ጅቡ ከደጅ የቆመ ዱላ ነው። አይታይም፣ ታሪክ የለውም፣ መጨረሻም የለውም፤ ልጁ ዝም ቢልም ጅቡ መሄዱን የሚነግረው የለም። በሁለተኛው ጊዜ ግን ጅቡ ሆዳም ነው፣ ጅል ነው፣ በጦጣ የሚታለል ነው። ልጆቹ ይፈሩታል፣ ይስቁበታልም። በመጨረሻም «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል በሩ ይዘጋል፤ ጅቡ በተረቱ ውስጥ ይቀራል፣ ልጆቹም ይተኛሉ። አስፈሪና አስቂኝ የቤተሰብ ፊልም የሚባለው ነገር ከሆሊዉድ በፊት በእያንዳንዱ ጎጆ ነበረ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ሳቅ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ያለው ሥራ ፍርሃትን ማጥፋት አይደለም፤ ልጁ በፍርሃቱ ውስጥ ብቻውን እንዳልሆነ ማሳወቅ ነው። ሰው በብቸኝነት ይደነግጣል፤ የሚስቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሌላው ጋር ነው። በጨለማው አዳራሽ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ጮኾ በአንድ ጊዜ ሲስቅ፣ ልጁ «የፈራሁት እኔ ብቻ አይደለሁም» የሚለውን ዕውቀት ያለ ቃል ይቀበላል። የ2015ቱም ፊልም በአስቂኝነቱ ሥር ይህንኑ ያስተምራል። የፊልሙ ስታይን ጭራቆቹን የፈጠራቸው በልጅነቱ ታማሚና ጓደኛ አልባ ስለነበር ነው። አድጎ ፍርሃቱን በቁልፍ ቆለፈበት፤ የተቆለፈው ግን አልሞተም። ከጭራቆቹ የተገላገለው ረቂቁን በመቆለፍ ሳይሆን፣ ልጆች በአጠገቡ ሆነው ታሪኩ ተጽፎ እንዲያልቅ በማድረግ ነው።

የአሜሪካ ኅብረተሰብ ለዚህ ጥያቄ ሲሰጥ የኖረው መልስ ግን በአመዛኙ የመጠን መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 «ግሬምሊንስ» እና ሁለተኛው የ«ኢንዲያና ጆንስ» ፊልም ልጆች በወላጅ ምክር ሊያዩአቸው እንደሚችሉ ተፈቅዶ ሲታዩ፣ ብዙ ወላጆች ተቆጡ። በዚያው ዓመት ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ የያዘ አዲስ ደረጃ ተፈጠረ። መጻሕፍቱም ቢሆኑ ከክርክር አልዳኑም። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከ1990 እስከ 1999 ድረስ ብዙ ተቃውሞ የደረሰባቸውን 100 መጻሕፍት ሲዘረዝር፣ «ጉስባምፕስ»ም «ዘ ዊችስ»ም በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም፤ ለአምስት ዓመት ልጅ የሚከብድ ነገር ለአሥር ዓመት ልጅ ጨዋታ ሊሆን ይችላልና መጠን አስፈላጊ ነው። ይሁን እንጂ መጠን ብቻውን አይበቃም። መድኃኒት በማንኪያ ይለካል፤ ነገር ግን በማንኪያው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ማንኪያው አይናገርም። «ምን ያህል ያስፈራል?» ከሚለው ባሻገር ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ከፍርሃቱ በኋላ ለልጁ የሚነገረው ቃል እውነት ነውን?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የጭራቁ ፊት የማን ፊት ነው?» የሚል ነው። የ«ዘ ዊችስ» ታሪክ ሁለቱንም በአንድነት ያስነሣል።

ሮአልድ ዳል «ዘ ዊችስ»ን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። መጽሐፉ ተራ ሴቶች መስለው ልጆችን ስለሚያጠፉ ክፉ ጠንቋዮች፣ ወላጆቹን በመኪና አደጋ ስላጣ ልጅና ስለሚያሳድጉት አያቱ ይተርካል። ጠንቋዮቹ ልጁን ወደ አይጥነት ይለውጡታል፤ እርሱና አያቱም በብልሃት ያሸንፏቸዋል። ይሁን እንጂ ልጁ ተመልሶ ሰው አይሆንም። ሰው የሆነ አይጥ ምናልባት ዘጠኝ ዓመት ያህል እንደሚኖር አያቱ ይነግሩታል፤ እርሳቸውም አርጅተዋል። ልጁ በዚህ አያዝንም፤ ከአያቱ በኋላ ብቻውን መቅረትን አይፈልግምና።

እ.ኤ.አ. በ1990 ኒኮላስ ሮግ ያዘጋጀው ፊልም ይህን መጨረሻ ለወጠው። ልቧ የተመለሰ አንዲት ጠንቋይ መጥታ ልጁን ሰው አደረገችው፤ አዳራሹም እፎይ ብሎ ወጣ። ዳል ግን በለውጡ አጥብቆ ተቆጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሮበርት ዜሜኪስ እንደገና በሠራው ፊልም ልጁ እንደ መጽሐፉ አይጥ ሆኖ ቀረ። ሁለቱን ያዩ ተመልካቾች አሁንም ይከራከራሉ። አንዱ ወገን «ለልጅ ተስፋ መስጠት ይሻላል» ይላል፤ ሌላው «ልጅን ማታለል አይገባም» ይላል።

ሁለቱም ወገን ሊደመጥ ይገባዋል። በአስፈሪ መንገድ የመጣ ልጅ በማረፊያው ዳቦ ቢጠብቅ ሕገ ወጥ ምኞት አይደለም። ነገር ግን ዳቦው በምን ዋጋ ተገዛ? በሲኒማ ቤቱ ከተቀመጡት ልጆች መካከል እንደ ታሪኩ ልጅ እናቱን ወይም አባቱን ያጣ ይኖራል። ለእርሱ የጠፋው ሁሉ በመጨረሻው ደቂቃ እንደሚመለስ ቢነገረው፣ ከአዳራሹ ሲወጣ የእርሱ ነገር ብቻ ያልተመለሰበትን ምክንያት ማን ያስረዳዋል? የዳል መጨረሻ ከባድ ቢሆንም አይዋሽም። የጠፋው አልተመለሰም፤ ሆኖም የሚወድህ ሰው አለ፣ የምትሠራው ሥራ አለ፣ የቀረውም ዕድሜ ዕድሜ ነው ይላል። በ«ጉስባምፕስ»ም ተመሳሳይ ፈተና አለ። ሐና ራሷ ስታይን በብቸኝነቱ የጻፋት ገጸ ባሕርይ ሆና ትገኛለች፤ ጭራቆቹ ወደ ገጹ ሲመለሱ እርሷም አብራ ትጠፋለች። ፊልሙ ግን በመጨረሻ መልሶ ያመጣታል። ተመልካቹ ይደሰታል፤ የዛክ አባት ግን አይመለስም። ፊልሙ ይህን አለመንካቱ ከአስቂኝ ፊልም በማይጠበቅ ታማኝነት እውነተኛውን ሞት ከምናባዊው ለይቶ አስቀምጦታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። በዳል መጽሐፍ ጠንቋዮቹ በጓንት የሚደብቁት የድመት ጥፍር የመሰለ ጥፍር አላቸው። የ2020ው ፊልም ይህን ትቶ፣ አን ሐታዌይ የተጫወተቻት ዋና ጠንቋይ ጓንቷን ስታወልቅ ጣቶች የጎደሉበት እጅ አሳየ። ይህ የፊልም ሠሪው ምናብ ብቻ ቢሆን ነገሩ ባላነጋገረ ነበር። ዳሩ ግን እንዲህ ያለ እጅ ይዘው የሚወለዱ ልጆች በዓለም ላይ አሉ። የብሪታንያ የፓራሊምፒክ ዋናተኛ የነበረችው ኤሚ ማረንን ጨምሮ ብዙዎች ቅሬታቸውን በአደባባይ አሰሙ፤ ጠንቋይ አለመሆናቸውን እየተናገሩም እጃቸውን በፎቶግራፍ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ፊልሙን የሠራው ዋርነር ብራዘርስም፣ ተዋናይቷም ይቅርታ ጠየቁ።

«ይህ ተረት ነው፤ ማንንም ለመንካት የታሰበ አይደለም» የሚል መልስ ተሰጥቶ ነበር፤ ዛሬም ይሰጣል። ያልታሰበ መሆኑ እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ልጅ የሚማረው ከታሰበው ሳይሆን ከታየው ነው። በሲኒማ ቤቱ ውስጥ በአንድ ረድፍ ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው እጁን ባለ አምስት ጣት አድርጎ ዓይኑን ይሸፍናል፤ ሌላኛው በሁለት ጣቱ ይሸፍናል። ጠንቋይቷ ጓንቷን ስታወልቅ የመጀመሪያው ልጅ ይጮኻል፣ ቀጥሎም ይስቃል፣ ቤቱ ገብቶም ይረሳዋል። ሁለተኛው ልጅ ግን አዳራሹ ሁሉ የጮኸው በማን እጅ ላይ እንደሆነ ያውቃል። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሲሄድም ያ ጩኸት ቀድሞት ይደርሳል። ሌሎቹ ልጆች ፍርሃቱን እንደ ጨዋታ ተውሰው መልሰዋል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን እርሱ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የጅቡ ተረት ከምድጃው ዳር ተነሥቶ በሰው ገላ ላይ ሲለጠፍ ምን እንደሚሆን የአገሪቱ ታሪክ ያሳያል። ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የምትሠራው «ቡዳ» ተብለዋል፤ በሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ተወርቶባቸዋል። በዚህ ምክንያት ጋብቻ ተከልክለዋል፣ ማዕድ ተለይቶባቸዋል፣ በቀያቸው እንደ ባዕድ ታይተዋል። በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም ይህንኑ ስም ተሸክመው ኖረዋል። ነገሩ የመንግሥት ጉዳይ እስከ መሆን ደርሶ፣ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያዎች በሥራቸው ምክንያት እንዳይሰደቡ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ወጣ፤ ወሬው ግን ከአዋጁ በኋላም ዘለቀ። ልጅ ሆኖ በምሽት የሰማውን አዋጅ ከልብ አይፍቀውምና። ዛሬም ቢሆን ልጅን «ያ እብድ ይወስድሃል»፣ «ለዚያ ለማኝ እሰጥሃለሁ» እያሉ ማስፈራራት በየመንደሩ ይሰማል። አስፈራሪው ለአንድ ደቂቃ ጸጥታ ሲል፣ ለልጁ የዕድሜ ልክ ንቀት ያስታጥቀዋል።

የሚያስፈራ ተረት ሁሉ እንዲህ መሆን እንደሌለበት ደግሞ የጎረቤት ሕዝብ ተረት ምስክር ነው። የሶማሌ ልጆች ደግዴር የተባለች፣ በረጅሙ ጆሮዋ ከሩቅ የምትሰማ ሰው በላ ሴትን ሲፈሩ አድገዋል። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ልጆችም ዚምዊ የተባለውን ጭራቅ ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ጆሮ በመንደሩ ውስጥ ማንም የለውም፤ ዚምዊም የማንም ጎረቤት አይደለም። ልጁ እስኪጠግብ ይፈራቸዋል፣ ተረቱ ሲያልቅ የሚሰደብ ሰው አይኖርም። ስላፒም ቢሆን እንጨት ነው። የተመልካቾች ቅሬታ በስላፒ ላይ «ልጄን አስፈራው» ብቻ ሲሆን፣ በ2020ው ጠንቋይ እጅ ላይ ግን «ልጄን አስፈሪ አደረገው» ሆነ። በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ርቀት የጠቅላላው ጥያቄ ልብ ነው።

እንግዲህ ልጅን ማስፈራት ይገባልን? «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይላል የአገር ብሂል። ፍርሃት ለማንም የማይቀር ከሆነ፣ ልጅ ከእርሱ ጋር የሚተዋወቀው በሚወዱት ሰዎች መካከል ተቀምጦ፣ እየሳቀ፣ መጨረሻ ባለው ታሪክ ውስጥ ቢሆን ይሻላል። ጭራቅን ጨርሶ ከልጅ መሰወር ልጁን ከጭራቅ አያድነውም፤ ብቻውን እንዲያገኘው ያደርገዋል እንጂ። ስለዚህ የፕላቶን ክልከላ ከሚገባው በላይ ይሄዳል። የሎክ ማስጠንቀቂያ ግን እንደ ጸና ነው፤ ፍርሃት ዱላ ሲሆን ልጁን ይሰብረዋል። ከእርሱም ጋር የሚጨመር ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ፍርሃት የሌላ ሰው ገላ ሲለብስ፣ የሚፈራው ልጅ ሳይጎዳ የሚፈራበት ልጅ ይጎዳል።

ወላጅም ሆነ ደራሲ ወይም ፊልም ሠሪ ከልጁ የሚዋሰው እምነቱን ነው። ልጁ በጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ዓይኑን የሚከፍተው፣ ያመጣው ሰው መልሶ እንደሚወስደው ስለሚያምን ነው። ያን እምነት የተቀበለ ሰው ልጁን በሰላም መመለስ፣ በመንገድም አለመዋሸት፣ ከሌላ ልጅ እምነት ላይ ቀንሶ አለመክፈል ግዴታው ነው። ይህ ከተጠበቀ ልጁ በጣቶቹ መካከል አጮልቆ ቢያይ ምንም አይጎዳም። ከጎኑ የተቀመጠው ልጅም፣ ጣቶቹ ስንትም ይሁኑ ስንት፣ በዚያው ፊልም እኩል ፈርቶ እኩል ስቆ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይገባል።